«ሲወርድ ሲዋረድ» ውርደት አለበት ወይ? ስለ ወደቀው ዘር ልቦለድ የተነሣ የቃላት ጥያቄ

ሰላም ወዳጆቼ። ስለዚያ ልቦለድ የጻፋችሁትን አስተያየት ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አነበብኩት። ላላነበባችሁት፣ ምናባዊ ታሪክ ነው። አንድ የወደቀ ዘር ከየት እንደ መጣ፣ ምን ሆኖ ከብርሃን ወጥቶ ጨለማ እንደ ገባ ይተርካል። ከእናንተ ግማሹ «የእጃቸውን ነው ያገኙት» ብሏል። ግማሹ ደግሞ «ተበደሉ እንጂ አልበደሉም» ይላል። ክርክሩ ደስ ይላል።

የእኔ ዓይን ያረፈው ግን ሌላ ነገር ላይ ነው። ሁላችሁም ያነበባችሁት ያንኑ ታሪክ ነው። ግሳችሁ ግን ለየቅል ነው። አንዱ «የወደቁት» ይላል። ሌላው «የተጣሉት» ይላል። «የተረገሙት» ያለ አለ። አንዲት እህታችን ደግሞ «የተዋረዱት» ብላለች። ጠጋ ብዬ ሳየው፣ ፍርዱን የሰጠው ክርክሩ ሳይሆን ግሱ ነው። «የተጣሉት» ያለ ሰው ከኋላቸው ጣይ እንዳለ አስቀድሞ ተናግሯል። «የወደቁት» ያለው ማንንም አልከሰሰም፤ እግራቸው ይሁን እጃቸው ያጠፋው ገና ክፍት ነው። «የተረገሙት» ሲባል ደግሞ ረጋሚ አለ፤ ረጋሚው ትክክል ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። አንድ ወንድማችን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለራሱ ንባብ ወደ አማርኛ መልሶ አካፍሎናል። እዚያ ውስጥ አሮጊቷ ልጆቹን ሰብስባ እንዲህ ትላለች፦ «ይህ ስም ከመጀመሪያዋ እናታችን ሲወርድ ሲዋረድ እኔ ዘንድ ደረሰ።» አንድ ወጣት አባል ከሥሩ ጠየቀ፦ «ስሙን ማን ነው ያዋረደው? ምዕራፉ ላይ እንደዚያ የሚል አላየሁም።» አንዳንዶቻችሁ በአጭሩ «ፈሊጥ ነው» ብላችሁ አለፋችሁት። መልሱ ልክ ነው፤ ጥያቄው ግን ከዚህ የበለጠ መልስ ይገባዋል።

«ሲወርድ ሲዋረድ» ማለት ከትውልድ ወደ ትውልድ፣ ከአባት ለልጅ፣ ከልጅ ለልጅ ልጅ እየተላለፈ ማለት ነው። ነቀፋ የለበትም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የምንለው ለተከበረ ነገር ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ስም፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ሙያ፣ ሲወርድ ሲዋረድ የደረሰን ወግ እንላለን። ትውልድን ከላይ ወደ ታች እንደ ተዘረጋ መሰላል እናየዋለን። አያት ከላይ ነው፣ የልጅ ልጅ ከታች። ነገሩ በየደረጃው እየተቀባበለ ይወርዳል። «ሲዋረድ» እዚህ ላይ የሚነግረን ያንን የደረጃ በደረጃ መቀባበል ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር አለን፤ «ተዋረድ» የሚለው ቃል። የሥልጣን ተዋረድ ስንል ማንንም አልሰደብንም። ከላይ እስከ ታች ያለውን ቅደም ተከተል ነው የተናገርነው። መመሪያው በተዋረድ ይድረስ ሲባል፣ በየደረጃው አልፎ ይውረድ ማለት ነው። ሥሩ ያው ነው፣ ውርደት ግን የለበትም።

ታዲያ «ውርደት» ከየት መጣ? ከዚያው ከ«ወረደ» ነው። ከነበረበት ከፍታ የወረደ ሰው ክብሩም አብሮት ወረደ ተብሎ ይታሰባል። «ወራዳ» ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ አንድ ጊዜ ያጋጠመውን ሳይሆን የሰውየውን ጠባይ ነው የሚናገረው። የተዋረደ ሰው ወራዳ ላይሆን ይችላል። ወራዳ ሰው ደግሞ ማንም ሳያዋርደው ወራዳ ነው። ስለ ልቦለዱ ስንከራከር ይህን ልዩነት ብዙዎቻችን ዘለልነው። «ወራዳ ፍጡሮች ናቸው» ያለው ወንድማችንና «የተዋረዱ ናቸው» ያለችው እህታችን የተስማሙ መስሏቸው ቀጠሉ። አልተስማሙም። አንዱ ስለ ባሕርይ፣ ሌላዋ ስለ ደረሰባቸው ነገር ነው የተናገሩት። የልቦለዱ ጥያቄም በሞላ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንዲት ፊደል ያደረገችውን ላሳያችሁ። በዚያው በተካፈለው ምዕራፍ ላይ «ንግሥታቸውን ከዙፋኗ አዋረዷት» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ከሥሩ ረጅም አስተያየት ተጽፏል፤ ሕዝቡ በንግሥቲቱ ላይ ግፍ ሠራ፣ ለዚህ ነው የወደቀው የሚል። ታሪኩን ተከትዬ ስሄድ ግን ሽማግሌዎቹ በክብር ነው የሚሸኟት፤ እጇን ይዘው ነው ደረጃውን የሚያወርዷት። ተርጓሚው ሊል የፈለገው «አወረዷት» ነው። «ወ» ወደ «ዋ» ስትለወጥ ክብር ያለው ሽኝት ግፍ ሆነ፤ በግፉም ላይ አንድ ሙሉ ንድፈ ሐሳብ ተገነባ። ወንድሜ፣ ይህን የምለው ሥራህን ለመንቀፍ አይደለም። ያንን ሁሉ ገጽ ብቻህን መመለስ ትልቅ ድካም ነው። እኔም ይህችን «ዋ» ያየኋት ሁለተኛ ሳነብ ነው።

«ወረደ» በባሕርዩ ክፉ ግስ አይደለም። መዓት ይወርዳል፤ በረከትም ይወርዳል። እርግማን ይወርዳል፤ ምሕረትም ይወርዳል። የሚወርደው ነገር ነው ግሱን መልካም ወይም ክፉ የሚያደርገው።

ስለ ወደቀ ዘር መነሻ በግእዝ ያሉን ታሪኮች የሚጠቀሙት ደግሞ ይህንኑ ግስ ነው። ያሬድ የሚለውን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሄኖክ አባት ስም ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ ስሙ ለምን እንደ ወጣለት ይነግረናል። በእሱ ዘመን የእግዚአብሔር መላእክት ወደ ምድር ስለ ወረዱ ነው። በእኛ ጆሮ ስሙና ግሱ አይገጥሙም፤ አንዱ በ«ያ» አንዱ በ«ወ» ይጀምራል። በዕብራይስጥ ግን ይገጥማሉ። የእኛ የመነሻ «ወ» በብዙ ቃላት እዚያ «የ» ትሆናለች። «ወለደ» እዚያ «ያላድ» ነው፣ «ወረደ» ደግሞ «ያራድ»። ያሬድ የተባለ ሁሉ ይህን ግስ በስሙ ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ባወቅኩ ቀን የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም።

የበለጠ የሚደንቀው ምክንያቱ ነው። ኩፋሌ እንደሚለው መላእክቱ የወረዱት የሰውን ልጆች ሊያስተምሩ፣ በምድርም ፍርድንና ቅንነትን ሊያደርጉ ነው። መውረዳቸው በደል አልነበረም። የበደሉት ከወረዱ በኋላ ነው። በመጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ነገሩ ይለያል። 200 ሆነው፣ ተማምለው፣ በአርሞን ተራራ ራስ በአርዲስ ላይ ይወርዳሉ፤ ሐሳባቸው ገና ከላይ ሳሉ ተበላሽቷል። ሁለቱም መጻሕፍት ሙሉ ሆነው የተረፉት በግእዝ ነው። በሁለቱም ግሱ «ወረዱ» ነው። በአንድ ግስ ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ተሰጡ። እኛም ስለ ልቦለዱ የምንከራከረው በዚሁ መስመር ላይ ቆመን ነው፤ የወረዱት አስበውበት ነው ወይስ ከወረዱ በኋላ ነው የተበላሹት?

በነገራችን ላይ፣ አንድ አባል የዚህን ዘር ቀደምቶች «ትጉሃን» ብንላቸውስ ብሏል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ የወረዱት መላእክት በግእዝ ስማቸው ይኸው ነው። በግእዝ ትጉህ የማያንቀላፋ፣ ነቅቶ የሚጠብቅ ነው። ዛሬ ግን ትጉህ ተማሪ ስንል የምናስበው ታታሪውን ነው። በልቦለድ ውስጥ ያለ ማብራሪያ ብናስገባው አንባቢ «ታታሪዎቹ» ብሎ ያልፋል። መጀመሪያ ላይ አንድ የንቃት ትዕይንት ቢቀድመው፣ ማለትም ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ሲጠብቁ ቢታዩ፣ ቃሉ የድሮ ትርጉሙን መልሶ ያገኛል።

ስለ «ወደቀ» ደግሞ። ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት ይህንን ነው፤ እኔም ለርዕስ የምመርጠው እሱን ነው። ምክንያቴ የቃሉ ተቃራኒ ነው። የወረደ ይወጣል፣ የተዋረደ ይከበራል፣ የረከሰ ይነጻል። የወደቀ ግን ይነሣል። «ወድቆ መነሣት» የምንለው ለዚህ ነው። ወደቀ ስንል መነሣቱን ከሩቅ ጠቁመናል።

ግን ቅርጹን ተጠንቀቁ። «የወደቀ» ያዝናል፤ «ውዳቂ» ግን ይሳደባል። ውዳቂ የተጣለ፣ ዋጋ የሌለው ነው፤ ውዳቂ ብረት እንላለን። «ውድቅ» ደግሞ የቢሮ ቃል ሆኗል፤ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ ይባላል። «በውድቅት ሌሊት» ብቻ ነው ከዚህ ቤት ውበት ይዞ የቀረው። ይህን ለጨለማው ምዕራፍ ብትጠቀሙበት ደስ ይለኛል፤ የወደቀ ዘር በውድቅት ሌሊት ሲጓዝ ጆሮ ራሱ ያገናኘዋል።

ሌላም ነገር አለ። «ወደቀ»ን ወደ አድራጊ ስንወስደው አማርኛ ቃሉን ይለውጠዋል። ግእዝ «አውደቀ» ይላል። እኛ ግን በዕለት ንግግራችን «ጣለ» እንላለን። ስለዚህ «የወደቁት» እና «የተጣሉት» ዝምድናቸው በፊደል አይታይም፤ በትርጉም ግን ባልና ሚስት ናቸው። የልቦለዱ ደራሲ ማን እንደ ጣላቸው እስከ መጨረሻው ይደብቃል። ተርጓሚው አስቀድሞ «የተጣሉት» ካለ ምስጢሩን ገና በርዕሱ አወጣው። «የተጣሉት» ደግሞ ሲጻፍ «እርስ በርስ የተጣሉት» ተብሎም ይነበባል፤ ማጥበቅና ማላላት በጽሑፍ ስለማይታይ ሌላ ችግር ይጨመራል።

አንድ አዛውንት አባላችን «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ብለው ብቻ ጽፈው ሄደዋል። እርስዎ፣ በዚህች አንዲት መስመር ልቦለዱን ከሁላችንም በተሻለ ገልጸውታል። ሦስተኛው ክፍል በሙሉ ይኸው ነው። ዘሩ ከወደቀ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ የድሮ ቂሙን ይዞ ይመጣል።

«ረከሰ»ን ያነሣችሁም አላችሁ። ኃይለኛ ቃል ነው። ዋጋ ሲቀንስም ረከሰ ነው፣ ቅድስና ሲጠፋም ረከሰ ነው። «ርካሽ» እና «ርኩስ» ከአንድ ቤት ናቸው። ግን እዚህ አይሆንም፤ ለአንድ ሙሉ ሕዝብ ይከብዳል። ርኩስ የተባለ ፍጡር ጥያቄ አይጠየቅም፣ ይባረራል ብቻ። ይህ ልቦለድ ደግሞ እንድንጠይቅ ነው የሚፈልገው።

የቀረው «ዘር» ነው። ዘር የሚዘራውም የሚወለደውም ነው። ለመነሻ ታሪክ መልካም ነው፤ ከመሬት ጋር ያያይዘዋል። ነገር ግን በዘመናችን ቃሉ ከብዷል፣ አንባቢ ልቦለዱን ትቶ ሌላ ነገር ያስባል። እኔ «ነገድ» እላለሁ። ምክንያቴም አለኝ። በቆየው ትምህርታችን መላእክት የተቈጠሩት በነገድ ነው፤ መቶ ነገደ መላእክት ይባላሉ። ሳጥናኤልም ሲወድቅ ነገዱን ይዞ ነው። ሰው ያልሆነ፣ ከከፍታ የወደቀ ወገን በነገድ ሲጠራ ለእኛ ጆሮ አዲስ አይደለም። «ፍጥረት» ይሁን ላላችሁት ግን በጣም ይሰፋል፤ ድንጋዩም ፍጥረት ነው።

እንግዲህ ርዕሱ። ተርጓሚያችን ሦስት አማራጭ አቅርቧል፦ «የወደቀው ዘር አመጣጥ»፣ «የውዳቂዎቹ ምንጭ»፣ «የወደቀው ነገድ መነሻ»። ሁለተኛውን ከላይ ባልኩት ምክንያት ተዉት። የመጀመሪያው ትክክል ነው፣ ግን የትምህርት መጽሐፍ ይመስላል። እኔ ሦስተኛውን እይዛለሁ። «መነሻ» ከ«ተነሣ» ነው። ከየት ተነሡ ስንል ከየት መጡ ማለታችን ነው፤ ግን ደግሞ ከወደቁበት ከየት ይነሣሉ የሚለውም ይሰማል። የመጨረሻውን ምዕራፍ ያነበበ ይህን ሁለተኛ ትርጉም ያገኘዋል፣ ያላነበበ አይረበሽበትም። «መነሾ» እንዳትሉት ብቻ፤ መነሾ የጠብ ምክንያት ነው።

ለተርጓሚው ወንድሜ ሁለት ነገር ብቻ። «ሲወርድ ሲዋረድ»ን አትንካው፤ አሮጊቷ ስሟን በኩራት ነው የምትናገረው፣ ከአፏም በትክክል ወጥቷል። የዙፋኗን ዓረፍተ ነገር ግን «አወረዷት» አድርግልን። ወጣቱ ጠያቂም ከዚያ በኋላ ምዕራፉን እንደገና ያንብበውና ንግሥቲቱ ደረጃውን ስትወርድ ምን እንደሚሰማው ይጻፍልን።