በትንሽ አውሮፕላን ወደ ባሃማስ፦ ለየቱ መክፈል፣ የቱን በነፃ መጨረስ

የግል አብራሪ ፈቃድ ያላቸው ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሱልኛል። «በሴስና፣ በትንሿ አውሮፕላን፣ ባሃማስ ለመሄድ ለማን ልክፈል? ምን ልግዛ?» ይላሉ። ይህን የምጽፈው ከፍሎሪዳ ለሚነሳ፣ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ላለው ወይም ለተከራየ ሰው ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ወረቀቱን ራሳችሁ ጨርሱት፣ አብዛኛው ነፃ ነው። ገንዘባችሁን ውሃ ላይ ብትወርዱ ለሚያተርፋችሁ ዕቃ አውጡት። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ቅጽ ለሚሞላለት ድርጅት ይከፍልና የሕይወት አድን ጃኬቱን ከኋላ ወንበር ሥር ይወረውረዋል።

ለምን እንዲህ እንደምል በቁጥር እንየው። ከፎርት ላውደርዴል ወይም ከማያሚ እስከ ቢሚኒ ያለው ባሕር ወደ 50 ኖቲካል ማይል ነው። ሴስና 172 ሞተሩ ቢጠፋ ከእያንዳንዱ 1000 ጫማ ከፍታ 1.5 ማይል ያህል ይንሸራተታል። 9500 ጫማ ላይ ከሆናችሁ 14 ማይል ገደማ አላችሁ ማለት ነው። ከዚህም ከዚያም ወገን 14 ማይል ብትቀንሱ፣ መሃል ላይ የትኛውም የብስ የማይደረስበት 22 ማይል ይቀራል። በ110 ኖት ስትበሩ 12 ደቂቃ ነው። አጭር ነው፣ ግን አለ። በ3000 ጫማ የሚሻገር ሰው ደግሞ ይህን ጊዜ በራሱ ላይ ወደ 22 ደቂቃ ያሳድገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥቆማዬ ምንም ገንዘብ አያስወጣም፦ ደመናው ከፈቀደ ከፍ ብላችሁ ተሻገሩ።

አሁን ወደ ዕቃው። ጃኬት ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው በፕላስቲክ ታሽጎ የሚመጣው፣ የመንገደኛ አውሮፕላን ላይ የምናውቀው ቢጫ ጃኬት ነው። ርካሽ ነው። ችግሩ እሽጉን መቅደድ፣ በራስ ማጥለቅ፣ ማሰር አለባችሁ፤ ይህን ሁሉ ደግሞ አውሮፕላኑን እያበረራችሁ፣ ጠባብ ወንበር ላይ ቀበቶ ታስራችሁ። ሁለተኛው ወገብ ላይ እንደ ትንሽ ቦርሳ የሚታሰረው ነው። ስዊትሊክና ሪቪር ይሠሩታል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ታጠቁታላችሁ፣ እስክታርፉ ድረስ አይወርድም። እኔ ይህን ሁለተኛውን ነው የምመክረው፣ ያለምንም ማመንታት። ልጆች ካሉ በልካቸው የተሠራውን ፈልጉ፤ የትልቅ ሰው ጃኬት ከሕፃን ላይ ሾልኮ ይወጣል።

አንድ ነገር አደራ። የጀልባ ዕቃ መደብር ውስጥ ውሃ ሲነካው በራሱ የሚነፋ ጃኬት ይሸጣል፣ ጥሩ ዋጋም አለው። ለአውሮፕላን እንዳትገዙት። የአውሮፕላኑ ውስጥ ውሃ ሲሞላ እዚያው ይነፋና ወደ ጣሪያው ያጣብቃችኋል፣ በሩን ጎንበስ ብላችሁ መውጣት አትችሉም። በእጅ ገመድ የሚሳበውን ብቻ ያዙ፣ የሚሳበውም ውጭ ከወጣችሁ በኋላ ነው። ይህን ለተሳፋሪዎቻችሁ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ንገሯቸው፤ እናታችሁ ከሆኑ በአማርኛ፣ ቀስ ብላችሁ፣ እጃቸውን ይዛችሁ ገመዱ የት እንዳለ አሳዩአቸው። በሩ እንዴት እንደሚከፈትም በእጃቸው ይሞክሩት። ውሃ ላይ ከማረፍ በፊት በሩን መክፈት የሴስና መመሪያ ራሱ የሚያዘው ነው።

የነፍስ አድን ጀልባ፣ ራፍት የሚሉት፣ ሌላ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ሕግ ለእንዲህ ያለ የግል በረራ አያስገድዳችሁም። እኔ ግን ያለሱ አልሄድም። ዊንስሎው የሚሠራቸው ጣሪያ ያላቸው፣ ብዙ ዕቃ የያዙ፣ ከበድ ያሉና ውድ ናቸው። ሰርቫይቫል ፕሮዳክትስ የሚባለው፣ ሆሊውድ ፍሎሪዳ ያለው ድርጅት፣ ቀለልና ጠበብ ያለ ይሠራል። ደሴት ለደሴት ለሚዘል ሴስና 172፣ ክብደት በጣም ስለሚያስጨንቅ፣ ቀላሉ ይበቃል። ራቅ ወዳለ ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ተርክስና ካይኮስ ደሴቶች ለመቀጠል ካሰባችሁ ግን ጣሪያ ያለውን ውሰዱ፤ ፀሐዩ ሰው ይጥላል።

ልግዛ ወይስ ልከራይ? በየዓመቱ ብዙ ጊዜ ካልሄዳችሁ ተከራዩ። ራፍት ገዝቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ አይደለም፣ በየጊዜው በባለሙያ ተከፍቶ መፈተሽ አለበት፣ ይህም ገንዘብ ነው። ፎርት ላውደርዴል ኤግዘኪዩቲቭ ኤርፖርት ላይ ያለው ባንያን የሚባል ድርጅት ለባሃማስ ተጓዦች ራፍትና ጃኬት በማከራየት የታወቀ ነው። ቅዳሜና እሁድ፣ በተለይ በበዓል ሰሞን፣ ቀድማችሁ ደውላችሁ አስይዙ። ስትረከቡ የመጨረሻው ፍተሻ የተደረገበትን ቀን ተለጣፊው ላይ አንብቡ። ከዚያ ጀልባውን የዕቃ ክፍል ውስጥ እንዳትከቱት! እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ፣ ከሻንጣ በላይ ይሁን።

ብዙ የሚያከራክረው የአደጋ ምልክት መስጫው ነው። አንዳንዱ «አውሮፕላኑ ላይ ኢኤልቲ፣ የተገጠመ የአደጋ ምልክት መስጫ፣ አለ፣ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?» ይላል። የድሮው በ121.5 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ከሆነ ከ2009 ፌብሩዋሪ ጀምሮ ሳተላይት አይሰማውም። አዲሱም ቢሆን ከአውሮፕላኑ ጋር ይሰምጣል። የባሕረ ሰላጤው ጅረት ደግሞ ከ3 ኖት በላይ ሊጓዝ ይችላል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከወደቃችሁበት ቦታ ወደ ሰሜን ይዟችሁ ይሄዳል። ስለዚህ ምልክቱ ከሰውነታችሁ ጋር መሆን አለበት።

ምርጫው በሁለት ዕቃ መካከል ነው። ኤሲአር ሬስኪውሊንክ በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ፒኤልቢ ነው፣ ማለትም ሰው በራሱ ላይ የሚይዘው የአደጋ ምልክት መስጫ፤ ፎርት ላውደርዴል ያለ ድርጅት ነው የሚሠራው። ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ ኖአ የሚባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ዘንድ በነፃ ታስመዘግቡታላችሁ፣ ባትሪው 5 ዓመት ይቆያል፣ ከተከፈተ ቢያንስ 24 ሰዓት ይሠራል። ጋርሚን ኢንሪች በኢሪዲየም ሳተላይት መልእክት ይልካልም ይቀበላልም፣ ግን የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ ባትሪውንም ቻርጅ ማድረግ እናንተ ማስታወስ አለባችሁ። አንድ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ፒኤልቢውን ግዙ፣ ጃኬታችሁ ላይ እሰሩት። ኢንሪች ደስ የሚለው ለሌላ ነገር ነው፤ ደሴቱ ላይ ኔትወርክ ሳይኖር ለባለቤታችሁ «ደርሰናል» ማለት ትችላላችሁ። የቻለ ሁለቱንም ይያዝ።

የበረራ ካርታ የሚያሳየው አፕ ላይ ረጅም ክርክር አያስፈልግም። አይፓድ ካላችሁ ፎርፍላይት፣ አንድሮይድ ከሆነ ጋርሚን ፓይለት። ፎርፍላይት አንድሮይድ ላይ አይሠራም። ሁለቱም የካሪቢያንን ካርታ ያሳያሉ፣ ሁለቱም የበረራ ዕቅድ ያስገባሉ። ዋናው ነገር ፍሎሪዳ እያላችሁ፣ ዋይፋይ ላይ፣ ሁሉንም አውርዳችሁ ጨርሱ። ወደ ደቡብ ደሴቶች ስትርቁ ኤዲኤስ-ቢ የሚባለው፣ ከመሬት ጣቢያ በራዲዮ በነፃ የሚደርሳችሁ የአየር ሁኔታ መረጃ እየሳሳ ይሄዳልና እሱን ተማምናችሁ ነጎድጓድ መሃል እንዳትገቡ።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ ሰው የሚፈራው ይህንን ነው።

መጀመሪያ የሚዘገዩትን ጀምሩ። ኤፍሲሲ፣ የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን፣ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ አውሮፕላኑ የራዲዮ ጣቢያ ፈቃድ፣ እናንተ የራዲዮ ኦፕሬተር ፈቃድ። አሜሪካ ውስጥ ስትበሩ አያስፈልጉም፣ ድንበር ስትሻገሩ ግን ያስፈልጋሉ። የእናንተው ፈተና የለውም፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የአውሮፕላኑ 10 ዓመት። ከዚያ የሲቢፒ፣ የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ዓመታዊ ተለጣፊ አለ፣ ኦንላይን ይገዛል፣ ዲሴምበር 31 ያበቃል። የአውሮፕላኑ ምዝገባ ዋናው መሆን አለበት፤ ጊዜያዊው ወረቀት ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም። አውሮፕላኑ የሌላ ሰው ከሆነ የባለቤቱን የፈቃድ ደብዳቤ በኖተሪ አስረጋግጣችሁ ያዙ፣ ኢንሹራንሱም ባሃማስን የሚሸፍን መሆኑን ውሉ ላይ በዓይናችሁ እዩ። «ይሸፍናል» በሚል የቃል መልስ አትነሱ።

ለድርጅት መክፈል የሚጀመረው ኢ-ኤፒስ ላይ፣ ማለትም የተጓዦችን ዝርዝር ለሲቢፒ ቀድሞ በኦንላይን ማስገቢያው ላይ ነው። የሲቢፒ ዌብሳይት ራሱ ነፃ ነው። መልኩ ያረጀ ነው፣ ያስተክዛል፣ ግን ይሠራል። ፍላሽፓስ የሚባለው አገልግሎት የኢ-ኤፒሱንም የባሃማሱንም ቅጽ ባንድ ላይ ይጨርስላችኋል፣ ኤፍኤልቲ-ፕላንም በክፍያ ኢ-ኤፒስ ያስገባል። ቶሎ ቶሎ የምትመላለሱ ወይም ብዙ ሰው የምትጭኑ ከሆነ ጊዜ ይቆጥባሉና ዋጋቸው ይገባቸዋል። በዓመት አንዴ ለሚሄድ ግን ነፃው ይበቃል። የመሄጃውንም የመመለሻውንም ቅጽ ፍሎሪዳ ሆናችሁ አስገቡ፣ ደሴቱ ላይ ኢንተርኔት ፍለጋ እንዳትንከራተቱ። ከመነሳት ቢያንስ 60 ደቂቃ በፊት መግባት አለበት። ሰዓት ወይም ሰው ከተቀየረ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

እዚህ ጋ የኛ ሰው ለብቻው የሚገጥመው ነገር አለ። ስም! የአባትና የአያት ስም አቀማመጥ ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት፣ ግሪን ካርድ ላይ ሌላ የሆነበት ስንት ሰው አለ። ቅጹ ላይ የሚጻፈው የምትጓዙበት ሰነድ ላይ ያለው ነው፣ ፊደል በፊደል። ልደትም በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር ከተደበላለቀበት ሰው ሰነዱን ተቀብላችሁ ራሳችሁ አይታችሁ ሙሉ እንጂ በስልክ አትቀበሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከግሪን ካርድ ጋር የያዘ ተሳፋሪ ካለ ለባሃማስ መግቢያ ምን እንደሚጠየቅ የባሃማስን ኤምባሲ ቀድሞ ይጠይቅ። ከስዊድን ወይም ከጀርመን በኢስታ፣ ያለ ቪዛ በሚያስገባው ፈቃድ፣ የመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ በጣም ጠንቀቅ በሉ። የኢስታ አገባብ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የተፈራረመ አጓጓዥን ይጠይቃል፣ የእናንተ ሴስና ደግሞ አልተፈራረመም። ስትመለሱ ችግር እንዳይገጥመው የምታርፉበትን የሲቢፒ ቢሮ ሳትጠይቁ አትጫኑት።

በባሃማስ በኩል መጀመሪያ የምታርፉት ጉምሩክ ባለበት ኤርፖርት ነው፦ ቢሚኒ፣ ፍሪፖርት፣ ናሶ የመሳሰሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ናሶን ተዉትና ቢሚኒን ወይም ፍሪፖርትን ምረጡ፤ ናሶ ጄቱ ይበዛል። ሲ7ኤ የሚባለውን የጉምሩክ ቅጽ ቀድማችሁ ሞልታችሁ ትርፍ ኮፒ ያዙ። ጉምሩኩ ክሊክ ቱ ክሊር የሚባል የኦንላይን ሥርዓት አለው፣ ከመሄዳችሁ በፊት አካውንት ክፈቱ። እስክሪብቶም አትርሱ። እዚያ አገር በማታ በቪኤፍአር፣ ማለትም በዓይን እያዩ፣ መብረር ስለማይፈቀድ መመለሻችሁን ከሰዓት በኋላ ብዙ አታዘግዩት።

ስትመለሱ ያለው ሕግ ጥብቅ ነው። ከደቡብ ስትመጡ ከተወሰኑት ኤርፖርቶች በአንዱ ማረፍ አለባችሁ። የበረራ ዕቅድ ይኑራችሁ፣ ለእናንተ ብቻ የተሰጠ የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ራዳር ላይ የሚያሳውቀው መሣሪያ) ኮድ ይኑራችሁ፣ ራዲዮ አትዝጉ። ኢ-ኤፒስ ማስገባት ብቻውን የማረፍ ፈቃድ አይደለም፤ ኤርፖርቱ ላይ ላለው ሲቢፒ መደወልም አለባችሁ። የቱ ኤርፖርት ይሻላል ካላችሁኝ ፎርት ፒርስ እላለሁ። ትራፊኩ ከማያሚ አካባቢ ቀለል ይላል፣ ለትንንሽ አውሮፕላን የለመደ ቦታ ነው። ርቀቱ ግን ይጨምራል፤ ከፍሪፖርት ወደ 105 ኖቲካል ማይል ነው፣ ፓልም ቢች ግን 75 ገደማ። ነዳጁ የሚያሳስባችሁ ፓልም ቢችን፣ መረጋጋት የምትፈልጉ ፎርት ፒርስን ያዙ።

ምክር ለሚፈልግ የኤኦፒኤ፣ የአሜሪካ የአውሮፕላን ባለቤቶችና አብራሪዎች ማኅበር፣ አባልነት ዋጋው ይገባዋል። ደውላችሁ ሰው ታገኛላችሁ፣ የባሃማስ መመሪያቸውም በደንብ የተሠራ ነው።

ዲሲ አካባቢ ሆናችሁ ቶሮንቶ ላሉ ዘመዶቻችሁ መሄድ የፈለጋችሁ ደግሞ ሌላ ዝግጅት ነው። ራፍቱን ተዉት፣ ግን ሐይቅ ልትሻገሩ ከሆነ ጃኬቱን ታጠቁ፤ የኦንታሪዮ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ከማናሳስ ወይም ከሊስበርግ የምትነሱ የዋሽንግተንን ልዩ የአየር ክልል ሥልጠና ቀድማችሁ ጨርሱ። ካናዳ ከመግባት ከ2 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ለካናዳ ድንበር አገልግሎት በ1-888-226-7277 ትደውላላችሁ። መሃል ከተማው አጠገብ ማረፍ ከፈለጋችሁ ቢሊ ቢሾፕ ኤርፖርት አለ፣ ደሴት ላይ ነው፣ ክፍያው ይከብዳል። የካናዳን የአየር ትራፊክ የሚመራው ናቭ ካናዳም ላገልግሎቱ ሒሳብ በፖስታ ይልክላችኋል፤ ሲደርሳችሁ ማጭበርበሪያ መስሏችሁ እንዳትጥሉት።