ከሱፐርማርኬት ፍሮዝን ፒዛ የቱ ይሻላል? አስቸኳይ ነው!!

የቃልዬ እናት (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለሁላችሁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ የልጄ ልደት ነው፣ 11 ሰዓት ላይ ልጆች ይመጣሉ፣ ፒዛ ያዘዝኩበት ቤት አሁን ደውለው ኦቨናችን ተበላሽቷል ይቅርታ አሉኝና በድንጋጤ ሱፐርማርኬት ገብቼ ፍሪዘሩ ላይ ቆሜ ነው የምጽፍላችሁ። ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ ወፍራም ነው ካርቶኑ ላይ ቺዙ ሲሳብ የሚያሳየው፣ አንዱ ስስ ሆኖ ማርጋሪታ የሚል፣ አንዱ ደግሞ ክብ ክብ ቀይ ስጋ ያለበት። የቱን ልውሰድ? ዋጋው እንደሆነ ሁሉም ያስደነግጣል። ስልኬ ቻርጅ ሊጨርስ ነው።

የጠባሴ ልጅ
ወፍራሙን። ልጆች ይጠግባሉ

ብርድ ልብስ
እንኳን ለቃልዬ ልደት አደረሳችሁ። ስንት ልጅ ነው የሚመጣው? ኦቨን አለሽ?

መምህሩ
እህቴ የቱ ይሻላል ከማለትሽ በፊት እቃው እንዴት እንደተቀመጠ ነው ማየት ያለብሽ። ፍሮዝን ፒዛ ማለት ፋብሪካ ውስጥ ሊጡ በግማሽ ተጋግሮ፣ ሶሱና ቺዙ ተደርጎበት በፍጥነት እንዲቀዘቅዝ የተደረገ ነው፣ ከዚያ በኋላ ገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት። በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው በረዶ ደቃቅ ስለሚሆን ሊጡን አይጎዳውም፣ አንዴ ቀልጦ ቀስ እያለ እንደገና ሲቀዘቅዝ ግን በረዶው ትልልቅ ይሆንና ስትጋግሪው ውሃውን ሊጡ ላይ ይለቀዋል፣ አንዳንዱ ፒዛ ዳሩ ደርቆ መሃሉ ጭቃ የሚሆነው በዚህ ነው። የመብራቱን ነገር ታውቂዋለሽ። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ መብራት ጠፍቶም ወደ 48 ሰዓት ይይዛል፣ ግማሹ ባዶ ከሆነ ወደ 24፣ የሱፐርማርኬት ፍሪዘር ግን ሰው ሲከፍተው ሲዘጋው ነው የሚውለው። ስለዚህ የካርቶኑን ፎቶ ተይውና ካርቶኑን ራሱን እይው። ረጥቦ የደረቀ የሚመስል፣ የተጣመመ፣ ነቅነቅ ስታደርጊው ከላይ ያለው ነገር ሁሉ ተራግፎ አንድ ጎን የተከማቸ ከሆነ ቀልጦ የተመለሰ ነው። ላስቲኩ ውስጥ ውርጭ የጋገረበትንም ተይው። ደግሞ ከላይ ያለውን ሳይሆን ከስር ያለውን ጎትተሽ አውጪ፣ እሱ ነው በደንብ ቀዝቅዞ የሚቆየው።

አንኮበሬው
ኧረ መምህር ልጆቹ 11 ሰዓት ነው የሚመጡት ሴሚስተር አልተመዘገቡም ሃሃሃ

ብርድ ልብስ
ኦቨን አለሽ ወይ ነው እኮ የምለው

እቴቴ ከመንዝ
አይ ልጄ ለልደት ደግሞ ፒዛ ምን ያደርጋል፣ አንድ ድፎ ዳቦ ብትደፊ ልጆቹም ይጠግባሉ ቤቱም ይሸታል። እሱስ ይሁን፣ ዛሬ አርብ መሆኑን ረሳሽው እንዴ? ቺዝ ነው እኮ።

የቃልዬ እናት
እቴቴ አርብ መሆኑ መች ጠፋኝ፣ ልጆቹ እኮ አምስት ስድስት ዓመት ናቸው፣ ለትልልቁ የጾም ሳምቡሳና ሽሮ አለ። ድፎውም አለ፣ ጠዋት ነው የተደፋው፣ ግን ቃልዬ ፒዛ ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስታስለቅሰኝ ነው የከረመችው። 12 ልጅ ነው። የሱፐርማርኬቱ ልጅ ትልቁን ውሰጂ እያለኝ ነው ምን ልበለው

የጠባሴ ልጅ
ወፍራሙን ወፍራሙን

ሸዋሮቢት ሙቀቱ
ስጋ ያለበትን አትንኪ። ያ ክብ ክብ ቀዩ ፔፐሮኒ ነው፣ ብዙ ጊዜ የአሳማ ነው ወይ የአሳማና የበሬ ድብልቅ፣ ካርቶኑ ላይ የበሬ ብቻ ወይም ሀላል የሚል ካላየሽ በቀር ተይው። ከ12 ልጅ መሃል የሙስሊም ልጅ አይጠፋም፣ የኛም እናቶች ቢሰሙ አይምሩሽም። ማርጋሪታ ቲማቲምና ቺዝ ብቻ ስለሆነ ከማንም አያጣላሽም።

ቤኪ
ማርጋሪታውንም ቢሆን ከጀርባው ያለውን ዝርዝር አንብቢ። የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው፣ ብዙ ያለው መጀመሪያ ይመጣል። ሞዛሬላ ከላይ አካባቢ ካለ ጥሩ ነው። ሞዛሬላ የሚል ጠፍቶ የፓልም ዘይትና ስታርች የበዛበት ከሆነ ቺዝ የሚመስል ነገር ነው፣ እንደ እውነተኛው አይሳብም፣ ፎቶው ላይ ግን ሁሉም ይሳባል።

ጉዶ በረት
ኤክስፓየር ዴቱንም እዪ። ባሌ አንዴ 2026 የሚል አይቶ ገና ስምንት ዓመት አለው ብሎ አራት ይዞልኝ መጣ፣ በፈረንጅ መሆኑን ማን ይንገረው

አንኮበሬው
ሃሃሃሃ ባልሽ ልክ ነው እኛ ጋ ገና 2018 ነው

መምህሩ
ቀልዱን ትተን፣ የቀንና የወሩም ነገር አለ። የአሜሪካ እቃ ከሆነ ወሩን ያስቀድማል፣ የአውሮፓና የአረብ አገሩ ቀኑን ያስቀድማል። 05/08 የሚል ካየሽ አንዱ ጋ ሜይ 8 ነው ሌላው ጋ ኦገስት 5፣ የሦስት ወር ልዩነት ነው።

የቃልዬ እናት
ኦቨን ነው ያላችሁኝ? ኦቨን የለኝም እኮ። ኤሌክትሪክ ምጣድና ባለ ሁለት ስቶቭ ነው ያለኝ። ማይክሮዌቭ ከጎረቤት መዋስ እችላለሁ

ብርድ ልብስ
ይኸው!!! ከመጀመሪያው ምን ስል ነበር

የጠባሴ ልጅ
እንዴ ታዲያ ኦቨን ከሌለሽ ምን ልታደርጊበት ነው

ማይክሮ ማሜ
ማይክሮዌቭ አራት ደቂቃ ጣጣ የለውም

ቤኪ
ማይክሮዌቭ ካርቶኑ ራሱ ለማይክሮዌቭ የተሰራ ነው ካላለ በስተቀር አይሆንም። ሊጡ መጀመሪያ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ አምስት ደቂቃ ሲቆይ ደግሞ የልጅ ጥርስ አይበጥሰውም። 12 ልጅ እስኪደርሰውም ይመሻል።

እቴቴ ከመንዝ
ምጣድ እያለ ስለ ማይክሮዌቭ ታወራላችሁ። እንጀራ ያበሰለ ምጣድ ይቺን ቂጣ ያቅተዋል?

ሸዋሮቢት ሙቀቱ
አያቅተውም እቴቴ ግን እንጀራ በራሱ እንፋሎት ነው የሚበስለው፣ ሊጡም ስስ ነው። ፒዛ ከስሩ አርሮ ከላይ ቺዙ በረዶ እንደሆነ ይቀራል

አንኮበሬው
ደግሞ የጋለ ምጣድ ላይ በረዶ ብትጥልበት ይሰነጠቃል። የልደቱ ወጪ አንሶ ምጣድ ደግሞ ልትገዛ ነው

የጫጫ ሙሽራ
እኔ በምጣድ እሰራዋለሁ፣ ሰምተሽኝ ከሆነ እንዲህ አድርጊ። ወፍራሙን ተይው፣ ወፍራም ያለ ኦቨን መሃሉ አይበስልም፣ ስሱን ማርጋሪታ ውሰጂ። እቤት እንደደረስሽ ካርቶኑንም ላስቲኩንም አውጪ፣ አንዳንዱ ከስሩ ክብ ካርቶን አለው እሱንም እንዳትረሺ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ውጪ ይቆይ፣ ከዚያ በላይ አይቆይ ይረጥብብሻል። ምጣዱን ለእንጀራ እንደምታግይው አግይውና ከሶኬት ንቀይው፣ ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ፒዛውን ስስ የብረት ትሪ ላይ አድርገሽ ትሪውን ምጣዱ ላይ አስቀምጪ፣ እንዲህ ከሆነ ምጣዱም አይሰነጠቅም ስሩም ቶሎ አያርም። አክንባሎውን ክደኚ። አምስት ስድስት ደቂቃ ቆይተሽ ስሩን በቢላ ቀና አድርገሽ እይው፣ ካልተጠበሰ መልሰሽ ሰኪው። ቺዙ እምቢ ካለሽ ከትሪው ጎን ምጣዱ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጊና ቶሎ ክደኚ፣ እንፋሎቱ ያቀልጠዋል። ፒዛው ላይ እንዳታፈሺው ብቻ።
ስሱ አብዛኛውን ጊዜ 26 ሳንቲ ገደማ ስለሆነ ምጣዱ ላይ ሁለት ጎን ለጎን ይገባል። ለስድስት ከቆረጥሽው አራት ፒዛ 24 ቁራጭ ነው፣ ለ12 ልጅ ሁለት ሁለት ይደርሳል። ድፎም ስላለ አምስተኛ አትግዢ።

ብርድ ልብስ
ይሄን መልስ ከላይ አድርጉት በናታችሁ፣ በወሬ መሃል ጠፋ

ማይክሮ ማሜ
ስቶቩ ላይ በመጥበሻም ይሆናል፣ ከድነሽ በዝግታ

የጫጫ ሙሽራ
አዎ ይሆናል፣ አንድ አንድ እያልሽ ግን እስከ ማታ ትቆሚያለሽ። ሁለቱን ስቶቭ ከምጣዱ ጋር አንድ ላይ እንዳትሰኪ፣ ምጣዱ ብቻውን ብዙ ኃይል ይስባል፣ ቆጣሪው ይወድቅና ሻማ ማብራቱ ለኬኩ ሳይሆን ለቤቱ ይሆናል።

የጠባሴ ልጅ
ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ እንዳታምኚ ደብረ ብርሃን ከፍታ ናት እዚህ ምንም ነገር ቶሎ አይበስልም ሽሮ ራሱ

መምህሩ
ወንድሜ ሽሮና ፒዛ አንድ አይደሉም። እኛ ከባህር ወለል በላይ ከ2700 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃ ወደ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ስለዚህ በውሃ የሚቀቀል ነገር ይዘገያል፣ ስጋ፣ ባቄላ፣ ፓስታ። ፒዛ በደረቅ ሙቀት ነው የሚበስለው፣ 200 ዲግሪ የጋለ ኦቨን እዚህም 200 ነው። እንዲያውም ከፍታ ላይ እርጥበቱ ቶሎ ስለሚተን ይደርቃል፣ ካርቶኑ ላይ ካለው ደቂቃ ትንሽ ቀድሞ ማየት ነው የሚሻለው። እሱም ቢሆን ኦቨን ላለው ነው፣ እሷ ምጣድ ነው ያላት።

የጠባሴ ልጅ
እሺ አባባ

ከአዲስ ሰው
ለምን ከአዲስ አበባ አታስመጪም ነበር ምርጫው ብዙ ነው፣ አራት ቺዝ የሚለው፣ እንጉዳይ ያለው፣ ቱና ያለው ሁሉ አለ

ጉዶ በረት
ወንድሜ 130 ኪሎሜትር በሚኒባስ ሲመጣ ሾርባ ሆኖ ነው የሚደርሰው፣ ልጆቹ ደግሞ ዛሬ ነው የሚመጡት

አንኮበሬው
እዚህ ብርድ ላይ ወርዶ ቢቆም እንደገና ይጋገራል በረዶው ሃሃሃ

የጫጫ ሙሽራ
በነገራችን ላይ ለወደፊት የሚያስመጣ ካለ ከወፍራም ጋቢ ጋር ጠቅልሉት፣ ጋቢ ለሙቀት ብቻ አይደለም ቅዝቃዜውንም ይይዛል። ሲደርስ ውስጡ ገና በረዶ ካለ ፍሪዘር መመለስ ይቻላል፣ ሙሉ በሙሉ ከለሰለሰ ግን ያኔውኑ መጋገር ነው።

የቃልዬ እናት
ስሱን አራት ያዝኩ ከስር ያለውን። ሞዛሬላ ሦስተኛ ላይ ነው የተጻፈው። አንዱ ካርቶን ተጣሞ ስለነበር አስቀየርኩት ልጁ ተቆጣኝ ይቆጣ። ትሪ ብረት ነው ወይስ አሉሚኒየምም ይሆናል? ስልኬ ሊዘጋ ነው

የጫጫ ሙሽራ
ይሆናል፣ ቶሎ ያግላል ብቻ፣ ቶሎ ቶሎ እዪው

ብርድ ልብስ
እንዴት ሆነ? ደረሰልሽ?

እቴቴ ከመንዝ
ልጅቷን ሳሚልኝ፣ እደጊ በያት

ብርድ ልብስ
የቃልዬ እናት? ፎቶ እንጠብቃለን

ሰሌዳ 3
ሰላም ይቅርታ ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ እኔ ትንሽዬ ኦቨን አለችኝ ግን የታችኛው ብቻ ነው የሚግለው የላዩ ኤለመንት ተቃጥሏል፣ ወፍራም ይሻላል ስስ?

ቤኪ
ኤለመንቱ ይቀየራል እኮ፣ ኦቨኑን ለኤሌክትሪክ ጠጋኝ ውሰደው። እስከዚያ ከታች እያቃጠለ ከላይ አያበስልልህም፣ መጀመሪያ ከታች ጋግረህ መጨረሻ ላይ መጥበሻ ክደንበት

የጫጫ ሙሽራ
አዲስ ጥያቄ ከሆነ ለብቻው ጻፈው ወንድሜ። ለማንኛውም ስስ።