አንድን ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የሚያደርገው ምንድን ነው?

አወያይ፦ አዋጅ ቁጥር 1294/2015 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበትን መንገድ ከፍቷል፤ ቀዳሚውም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ራስ ገዝነቱ የውጭ ተማሪና መምህር ያመጣል ወይስ አያመጣም?

የኢኮኖሚክስ መምህር፦ ያመጣል። ደመወዝና ክፍያ ራሱ መወሰን የማይችል ተቋም ከናይሮቢ ጋር እንዴት ይወዳደራል? በእንግሊዝኛ ማስተማር ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ዛሬ ግቢዎቻችን በእንግዳ ተማሪ በተጨናነቁ ነበር።

የታሪክ ተመራማሪ፦ ወንድሜ፣ ታሪኩ ሌላ ይላል። በ1943 ዓ.ም. የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው ኮሌጅ ሲከፈት የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር አባል) ሉሲየን ማት ነበሩ። በ1950ዎቹ ደግሞ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያ ወጣቶች በንጉሠ ነገሥቱ ነጻ የትምህርት ዕድል መጡ። ያመጣቸው የአፍሪካ መሪ መሆን የፈለገ መንግሥት ነው፤ ከፋዩም እርሱ ነበር። የሚያስቀው፣ ለቤተ መንግሥቱ ክብር የተጋበዙት እንግዶች ስለ ነጻነት ትግል እያወሩ ለተማሪው ንቅናቄ እርሾ መሆናቸው ነው።

የኢኮኖሚክስ መምህር፦ መንግሥት የከፈለለት እንግዳ መንግሥት ሲለወጥ ይቀራል። እኔ የምለው ከፍሎ የሚመጣውን ነው።

የቀድሞ የውጭ ግንኙነት ሠራተኛ፦ ሁለታችሁም ከቢሮው ርቃችኋል። የሠራሁበትን ዩኒቨርሲቲ ስም ልተወው። ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፣ ባንዲራ ይቆማል፣ ፎቶ እንነሣለን። ሰነዱን ስትገልጡት ስለ «የጋራ ጥቅም» ሦስት ገጽ አለ፤ የመምህሩን የአውሮፕላን ቲኬት ማን እንደሚገዛ ግን አንድ መስመር የለም። መምህሩ ቢመጣም የመኖሪያ ፈቃዱን ለማውጣት ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ይከርማል፤ ደመወዙ በብር ነው፣ አከራዩ ዶላር ይጠይቀዋል። እንዲህ ያለውን እንግዳ ራስ ገዝነት ብቻውን አያቆየውም።

ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ የተሳተፈ፦ የብሪታንያው መጽሔት ታይምስ ሃየር ኤዱኬሽን ለዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ሲሰጥ ለዓለም አቀፍ ገጽታ የሚመድበው ከመቶ 7.5 ብቻ ነው። ለዚህች ነጥብ ብሎ ግቢ ማሳመር ከንቱ ድካም ነው። የውጭ ምሁራን ስድስት ኪሎ የሚመጡት ሌላ ቦታ የማያገኙትን ፍለጋ ነው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ሕንፃ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የብራና ስብስብ አስቡት። መጀመሪያ ገንዘቡ እዚያ ይግባ።

የኢኮኖሚክስ መምህር፦ ብራና የሚያነብ እንግዳ በዓመት ስንት ይሆናል? ሕክምናና ምሕንድስና ሊማር የሚመጣው የጎረቤት አገር ልጅስ?

የቀድሞ የውጭ ግንኙነት ሠራተኛ፦ ይምጣ። ማደሪያውን ግን ከወዲሁ ንገሩኝ፤ እኔ ዘንድ ሲመጡ የማስተኛበት አልነበረኝም።