ነጋዴ ባሕር ዛፉን በቁሙ ሊገዛ ነው፤ ጉቶው እንዳይሞትብን ምን እናድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ሜጫ ውስጥ ሁለት ጥማድ ቀይ ባሕር ዛፍ አላቸው። ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። ነጋዴው በቁሙ ልግዛ ብሏል፤ ቆራጭም የሚያመጣው ራሱ ነው። አጎቴ ሲሸጡ ሠራተኞቹ ጉልበት የሚደርስ ጉቶ እያስቀሩ በመጥረቢያ ጨፈጨፉት፣ ጉቶው ተሰነጣጥቆ ብዙው ሳያቆጠቁጥ ቀረ። አባቴ ደግሞ ወፍራም ወፍራሙን መርጠን እንሽጥ፣ ቀጭኑ ይደግ ይላሉ። ምን ይሻላል?

ጉቶ ጠባቂ፦ እህቴ፣ ከዋጋው በፊት አቆራረጡን ተስማሙ። በመጋዝ ይሁን። ከመሬት ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ግማሽ ስንዝር በሉት። ውሃ እንዳይቋጥር ፊቱ ለስለስ ብሎ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ይበል። ዋናው ነገር ቅርፊቱ ከጉቶው እንዳይላቀቅ ነው፣ ቡቃያው የሚወጣው ከዚያ ስር ስለሆነ ቅርፊቱ ከተላጠ አለቀለት። ቅርንጫፍና ቅጠሉንም ጉቶው ላይ አትከምሩ።

የደጋው ልጅ፦ አባትሽን አከብራለሁ፣ ግን መርጦ መቁረጥ ለባሕር ዛፍ አይሆንም። የተቆረጠው መሃል ላይ ጥላ ስር ይቀራል፣ ቡቃያው እንደ ክር ቀጥኖ ነው የሚወጣው። ይልቅ ዘንድሮ አንዱን ጥማድ ሙልጭ አድርጉ፣ ሌላውን ከርሞ ወይም ከዚያ በኋላ። ገንዘቡም በአንዴ አያልቅም። ጊዜውን ግንቦት አድርጉት። በጋ መሃል ከሆነ ጉቶው በፀሐይ ይደርቃል፤ ዝናቡ ሲቀርብ ግን ወዲያው ያቆጠቁጣል።

ከአዊ፦ ለምን ባሕር ዛፉን ነቅላችሁ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት አትተክሉም? እኛ የመጀመሪያውን ዓመት ጤፍ አብረን ዘርተን፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ከሰል እናደርገዋለን።

ጉቶ ጠባቂ፦ ከአዊ፣ ዲከረንስ ከጉቶ አያቆጠቁጥም እኮ፣ በየዙሩ ችግኝ ነው። የሷ ሥሩ መሬት ይዞ ቁጭ ብሏል። ባሕር ዛፍ መሬት ይጎዳል የምትል ከሆነ ግን አልከራከርህም፤ ከእርሻና ከምንጭ ይራቅ፣ ከጎረቤት ማሳ ጋር ከተዋሰነ ቦይ ይቆፈርለት።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ካቆጠቆጠ በኋላስ ስንቱን እንተው?

የደጋው ልጅ፦ መጀመሪያ እንደ ቁጥቋጦ ግር ብሎ ይወጣል፣ አትደንግጡ። ዓመት ካለፈው በኋላ ቀንሱት። አጠና ከፈለጋችሁ ሁለት ሦስት፣ ወፍራም ቋሚ ከሆነ አንድ ብቻ። ከጉቶው ታች የበቀለውን አስቀሩ፤ ከላይ ጠርዙ ላይ የበቀለውን ንፋስ ይገነጥለዋል። የተቆረጠው ቀጭኑ ለማገር ይሆናል። እስከዚያ ከብት አይግባ! የኔን የመጀመሪያ ዓመት የጎረቤት ፍየል ነው የጨረሰችው።

ጠያቂ፦ ነጋዴው ሐሙስ ይመጣል። በመጋዝ፣ ከታች ስለው ዋጋ እንደሚቀንስ ከአሁኑ ይታየኛል።

ጉቶ ጠባቂ፦ ከታች ሲቆረጥ አጠናው ይረዝምለታል እኮ። አጎትሽ ግቢ የቀረውን ጉቶ ወስደሽ አሳዪው፤ ያ ሁሉ እንጨት ለገዢው ይሆን ነበር በይው።