የእንጨት ስቶቭ ለዊንተር ማዘጋጀት፣ የምታውቁ እርዱኝ (ሚኒሶታ)

አዲስ ገቢ፦

ሰላም ለሁላችሁም እንዴት ናችሁ። በዚህ ሰመር ከሴንት ፖል ወጣ ብሎ ቤት ገዝተን ገባን፣ ቤቱ ቆየት ያለ ነው ግን ጥሩ ነው፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ የብረት የእንጨት ስቶቭ አለው፣ በሩ መስታወት ያለው፣ ጥቁር ቱቦው በጣሪያ የሚወጣ። የድሮዎቹ ባለቤቶች ዊንተሩን በሱ ነበር የሚሞቁት አሉ። እኛ የፕሮፔን ፈርነስ (በጋዝ የሚሰራ የቤት ማሞቂያ) አለን ግን ጎረቤታችን መብራት ሲጠፋ ፈርነሱም አብሮ ይቆማል ሲለኝ አሳሰበኝ፣ ስለዚህ ስቶቩን ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። መስቀል ካለፈ ወዲህ ማታ ማታ ብርዱ ጀምሮናል።

ከመለኮሴ በፊት ምን ምን ማሳየት አለብኝ? ከዛ ደግሞ እንጨት ልሽጥልህ የሚል ሰው አግኝቻለሁ፣ የኦክ ዛፍ ነው በደንብ የደረቀ ነው ይላል፣ አንድ ኮርድ ይበቃኛል ወይ? ማታ እንጨት ጠቅጥቀህ የስቶቩን አየር ማስገቢያ ዘግተህ ብትተኛ እስከ ጠዋት ይቆያል የሚሉኝም አሉ፣ እውነት ነው? እናቴም ከሀገር ቤት መጥታ አብራን ናት፣ ስቶቩን ስታይ ደስ ብሏት ፍሙን እያወጣን ቡና እናፈላበታለን እጣንም እናጨስበታለን እያለች ነው፣ ይሄስ ይቻላል? ትንንሽ ልጆች አሉን። በናታችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።

የዱሉቱ፦

እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃችሁ ወንድሜ። እኔ የምኖረው ዱሉት ነው፣ ሰሜን ሚኒሶታ፣ ዊንተሩን ሙሉ በእንጨት ነው የምንሞቀው፣ እና ከሁሉም በፊት ልነግርህ የምፈልገው ስለ ስቶቩ ሳይሆን ስለ እንጨቱ ነው። ስቶቩ የፈለገ ውድ ይሁን እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ልፋት ብቻ ነው። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል፣ እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ አፍልቶ ማትነን አለበት፣ ለቤትህ የሚሆነው ሙቀት እዛ ላይ ያልቃል፣ ጭሱም ቀዝቅዞ ቺምኒው (የጭስ መውጫው) ውስጥ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ክሪኦሶት የሚሉት እሱን ነው። እናትህ የማድ ቤት ጥቀርሻ ያውቁ የለ፣ የዛ ዓይነት ነገር ነው ግን ይሄኛው ይነዳል፣ አንዴ ከተያያዘ ቺምኒው ውስጥ እሳቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል፣ ቺምኒው ስንጥቅ ካለው ደግሞ ወደ ጣሪያው እንጨት ይሻገራል።

ስለዚህ ሻጩ ምንም ቢልህ ራስህ ለካው። ሞይስቸር ሜትር (የእርጥበት መለኪያ) ሃርድዌር ቤት በሃያ ሰላሳ ዶላር ታገኛለህ። ከክምሩ መሃል አንድ ፍልጥ አውጣ፣ እዛው እንደገና ለሁለት ፍለጠው፣ አዲስ የተከፈተውን ፊት መሃሉ ላይ በሜትሩ ውጋው። ጫፉን ወይ ላዩን ከለካህ ሁሌም ደረቅ ነው የሚልህ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ግዛው። ሁለት ፍልጥ ብታጋጭም ይታወቃል፣ ደረቁ ቀጭን ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ እርጥቡ ድፍን ይላል። በተለይ ኦክ ላይ ተጠንቀቅ፣ ምርጥ ማገዶ ነው ግን ከተፈለጠ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ይፈልጋል፣ በርችና አሽ የሚባሉት ዛፎች ቶሎ ይደርቃሉ። እናንተ ጋ አሽ ብዙ ነው፣ ኤመራልድ አሽ ቦረር የሚሉት ጥንዚዛ በ2009 እዛው ሴንት ፖል ከተገኘ ወዲህ ዛፎቹ እየተቆረጡ ነው። ግን ከሩቅ አታስመጣ፣ ጥንዚዛው ሩቅ ቦታ የሚዛመተው በብዛት በማገዶ ነው፣ እዛው አካባቢህ የተቆረጠውን ግዛ።

ኮርድ ማለት 4 ጫማ ከፍታ፣ 4 ጫማ ወርድ፣ 8 ጫማ ርዝመት ነው፣ 128 ኪዩቢክ ፊት። ፌስ ኮርድ የሚሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ የዛ ሲሶ ነው፣ ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገርህ በፊት የትኛውን እንደሚሸጥልህ ጠይቀው፣ ሲደረደር ቁመህ ለካ። ለማገዝና መብራት ለጠፋ ቀን ከሆነ አንድ ሁለት ኮርድ ደረቅ እንጨት ያንቀሳቅስሃል፣ ዋና ማሞቂያ ላደርገው ካልክ ግን አይበቃም።

አየር ዘግተህ መተኛቱን አታድርገው። አየር ያጣ እሳት ይጨሳል እንጂ አይነድም፣ ክሪኦሶት በአንድ ሌሊት የሚጠራቀመው እንደዛ ነው። ከመተኛትህ በፊት ወፈር ያሉ ደረቅ ፍልጦች ጨምር፣ አየሩን ከፍተህ በደንብ ይያያዙ፣ ከዛ ቀስ በቀስ ቀንስ፣ ነበልባሉ እስኪጠፋ ግን አትዝጋ። ጠዋት ረመጡን ወደ በሩ ሰብስበህ ጭራሮ ጣል ስታደርግበት ይነሳልሃል። እሳትህ እንዴት እንደሆነ ማወቅ ስትፈልግ ደግሞ ውጪ ወጥተህ ቺምኒውን እየው፣ ከተለኮሰ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ወፍራም ጭስ ካየህ ወይ እንጨቱ ነው ወይ አየሩ ነው።

የልጆች እናት፦

የዱሉቱ ያለው ትክክል ነው፣ ስለ ፍሙ እኔ ልመልስ። እናታችንን በትህትና አስረዳቸው፣ ፍም ከስቶቩ መውጣት የለበትም፣ ለቡናም ለእጣንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት የሚወጣው ነበልባል ከሌለው ፍም ነው፣ ሽታ የለው ቀለም የለው። ስቶቩ ውስጥ እያለ በቺምኒው ይወጣል፣ ሳሎን ካወጣችሁት ግን ሁላችሁም ትተነፍሱታላችሁ። ሀገር ቤት እንኳን ለብርድ ብለው ከሰል ክፍል አስገብተው ተኝተው በዛው የቀሩ ስንት ናቸው፣ የዚህ ሀገር ቤት ደግሞ ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኖ ነው የሚሰራው። ቡናውን ግን ስቶቩ አናት ላይ ማፍላት ይችላሉ ላዩ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ጀበናዋ ሸክላ ስለሆነች የጋለ ብረት ላይ በአንዴ አትቀመጥ፣ ከስር ማስቀመጫ ብረት አድርጉላት። እጣኑን በኤሌክትሪክ ማጨሻ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው የማድ ቤቱ ጭስ መሳቢያ ፋን ነው። እኛ ሽንኩርት ስናቁላላ፣ ቡና ስንቆላ ፋኑን እስከ መጨረሻው ነው የምንከፍተው። ፋኑ ያን ያህል አየር ወደ ውጪ ሲያስወጣ ቤቱ ምትክ አየር ከየት ያምጣ፣ በቺምኒው በኩል ወደ ታች ይስበዋል፣ ከነጭሱ። በተለይ እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድና ቺምኒው ሲበርድ። ስቶቩ እየነደደ ፋን ካስፈለጋችሁ ማድ ቤቱ ጋ አንድ መስኮት ጣት የምታስገባ ያህል ክፈቱ።

አላርሙን ዛሬውኑ እይ። ሚኒሶታ ውስጥ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም እንዲኖር ህጉ ያስገድዳል፣ አሮጌ ቤት ስለሆነ ጀርባው ላይ ያለውን ቀን እይ፣ ጊዜው ካለፈ ለውጠው። ለልጆቹ ደግሞ በስቶቩ ዙሪያ የሚቆም የብረት አጥር ይሸጣል፣ ግድግዳው ላይ የሚታሰረውን ግዛ፣ መስታወቱ ሲግል ቆዳ ለመላጥ ሴኮንድ አይፈጅበትም።

ቤት ጠጋኝ፦

ወንድሜ ቺምኒው ሳይታይ አንድ ጭራሮ እንዳትለኩስ። ኤንኤፍፒኤ 211 የሚባለው የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማህበር ስታንዳርድ ቺምኒ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታይ ይላል፣ ቤት እጅ ሲቀያየር ደግሞ ሌቭል 2 ኢንስፔክሽን ይላል፣ ማለትም ውስጡን በካሜራ። ተራው የቤት ኢንስፔክተር ይሄንን አያይልህም፣ ስለዚህ ሲኤስአይኤ (የአሜሪካ የቺምኒ ደህንነት ተቋም) ሰርተፍኬት ያለው የቺምኒ ጠራጊ ጥራ፣ አሁን ከመጨናነቃቸው በፊት ደውል።

አንተ ራስህ የምታየው፣ የስቶቩን በር ጋስኬት፣ ዙሪያውን የሚያሽገውን ገመድ። አንድ ዶላር በሩ ላይ አድርገህ ዝጋና ሳበው፣ በቀላሉ ከወጣ ገመዱ አልቋል፣ ዋጋው ትንሽ ነው በራስህ ትለውጠዋለህ። ውስጥ ያሉት የሸክላ ጡቦች ተሰብረው እንደሆነ፣ ከላይ ያለው ጭሱን የሚያዞረው ሳህን ቦታው ላይ እንዳለ እይ። ከጀርባው የተለጠፈው ብረት ላይ ከግድግዳ ስንት ኢንች መራቅ እንዳለበት ተጽፏል። እሱ ከሌለ 36 ኢንች ብለህ ያዝ፣ ሶፋና መጋረጃም ያው። ለኢንሹራንሱም ንገራቸው፣ ሳይነገራቸው የሆነ ነገር ከተፈጠረ ጣጣ ነው።

አመዱን ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አድርገህ ከቤቱ ራቅ አድርገህ ውጪ አስቀምጥ፣ የእንጨት ዴክ ላይም ጋራዥ ውስጥም አይሆንም። አመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም ለቀናት አይጠፋም፣ ወረቀት ከረጢት ውስጥ የተጣለ አመድ ቤት አቃጥሏል።

አዲስ ገቢ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጠራጊው ተቀጥሯል፣ አላርሞቹን ለወጥኩ። ሄጄ እንጨቱን ፈልጬ ለካሁት ደግሞ 31 በመቶ ነው! ዋጋው ግን ጥሩ ነው። ልተወው ወይስ? ለዚህ ዊንተርስ ምን ላንድድ?

የዱሉቱ፦

ዋጋው ከወረደልህ ግዛውና ለከርሞ ወይ ለሚቀጥለው አስቀምጠው። ፓሌት ላይ ደርድር፣ መሬት እንዳይነካ፣ ፀሐይና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ፣ ላዩን ብቻ ሸፍን ጎኑን ክፍት ተው፣ ሙሉውን በፕላስቲክ ከጠቀለልከው ይሻግታል እንጂ አይደርቅም። ለዘንድሮ በማድረቂያ ምድጃ የደረቀ (ኪልን ድራይድ የሚሉትን) እንጨት ፈልግ፣ እሱንም ለካው፣ ወይም ከሰጋቱራ የተጨመቀውን ጡብ የሚመስለውን ግዛ። ሰም ያለበትን ግን አይደለም፣ እሱ ለክፍት ፋየርፕሌስ ነው። ስቶቩን እስከ አፉ አትሙላው፣ የተጨመቀው በጣም ደረቅ ስለሆነ ከመጠን በላይ ሊያግለው ይችላል፣ በሁለት ሦስት ጀምርና እንዴት እንደሚነድ ተላመደው።

ስትለኩስ ትልልቁን ከታች፣ ቀጫጭኑን ከላይ፣ እሳቱንም ከላይ አድርግ፣ ወደ ታች እየበላ ይወርዳል ጭሱም ያንሳል። በጣም በበረደ ቀን ቺምኒው ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ አየር ጭሱን ወደ ሳሎን ሊገፋብህ ይችላል፣ መጀመሪያ አንድ ጋዜጣ ጠምዝዘህ ለኩስና የቱቦው መግቢያ ጋ ያዝ አድርገው፣ ወደ ላይ መሳብ ሲጀምር ዋናውን ለኩስ። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ የዴክ ጣውላ፣ ፕላስቲክ ምናምን እንዳትከትበት። ጠራጊው ሲመጣም አብረህ ቁም፣ ካሜራው የሚያሳየውን አሳየኝ በለው።