በማር የጋገርኩት ኩኪስ ውጪው ይጠቁራል፣ ውስጡ አይበስልም፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። ለልጆቼ የትምህርት ቤት መክሰስ የሚሆን ኩኪስ ቤት ውስጥ እየጋገርኩ ነው። የሱቁ ብስኩት ስኳሩ በጣም በዛብኝ። ስለዚህ ስኳሩን ትቼ በማር አደረግሁት። ማሩ የአካባቢያችን ነው፣ ጥሩ ማር ነው። ዱቄቱ ግማሹ ስንዴ፣ ግማሹ ጤፍ ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ውጪው ቶሎ ይጠቁራል፣ ውስጡ ግን ሊጥ ሊጥ ይላል። ሊጡ እጅ ላይ ስለሚጣበቅ ለመጠፍጠፍ ያስቸግራል። በማግስቱ ደግሞ ይለሰልሳል፣ ቀጭ ማለቱ ይጠፋል። የምከተለው አሠራር አንድ ኩባያ ስኳር ይላል፤ እኔም አንድ ኩባያ ማር አደረግሁ። ወተትም ትንሽ አለው። ኦቨኔ ትንሿ የኤሌክትሪክ ናት፣ ሙቀቱን 180 ላይ ነው የማደርገው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አማቴ እኛ ጋ ነው የሚኖሩት፣ ስኳር አለባቸው። «የማር ከሆነ እኔም እበላለሁ» ይላሉ። ይበሉ ወይ? ትንሹ ልጄ ደግሞ ገና ዘጠኝ ወሩ ነው፤ እህቶቹ ሲበሉ እጁን ይዘረጋል። ትንሽ ቢቀምስስ?

መልስ፣ ከባሕር ዳር (የጤና ባለሙያ ነኝ)

ስለ ኩኪሱ ሌሎች ይነግሩሻል፤ እኔ ከሕፃኑ ልጀምር፣ ይሄ አይቆይም። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም። ጥሬውም፣ የተጋገረውም። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። ትልቅ ሰው አንጀት ውስጥ ችግር አይፈጥርም፣ የሕፃን አንጀት ውስጥ ግን ሊያድግና መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ያ ዘር የኩኪስ መጋገሪያ ሙቀትን ይቋቋማል፤ ስለዚህ «በስሏል እኮ» ማለት አያድንም። ለእሱ የበሰለ ሙዝ ፍጪለት።

ወደ አማትሽ ስመጣ፣ ማር ለስኳር ሕመምተኛ የተፈቀደ ስኳር አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 21 ግራም ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ 17 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። ያው ማንኪያ ስኳር ቢሰፈርበት 12 ወይም 13 ግራም ነው። ማንኪያ በማንኪያ ካየነው እንዲያውም ማሩ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያም ማርን የቆጠረው ከስኳር ጋር ነው። መመሪያው ከእነዚህ የሚገኘው ኃይል ከቀኑ ምግብ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። 5 በመቶው ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ ነው።

ይህን የምለው ከገበታ እንዲገለሉ አይደለም። ሽማግሌ ሰው ቤቱ ሁሉ ሲበላ ብቻውን ሲቀመጥ ደስ አይልም። አንድ ትንሽ ኩኪስ ከምግብ ጋር፣ የእንጀራውን መጠን ትንሽ ቀንሰው ቢበሉ ይቻላል። መለኪያ ካላቸው ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩ፤ ቁጥሩ ከእኔ ምክር የበለጠ ይነግራችኋል። የሚከታተላቸውን ሐኪምም ጠይቁ።

በዚህ አጋጣሚ፣ ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነና ስኳራቸው ወርዶ ላብ ላብ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ያኔ የሚሰጣቸው በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ወይም ማር ነው እንጂ ኩኪስ አይደለም። ዱቄትና ቅቤ ስላለው ቶሎ አይደርስላቸውም። ራሳቸውን ስተው ከሆነ ግን በአፍ ምንም ሳትሰጡ ወደ ጤና ተቋም ነው።

መልስ፣ ከቡሬ (ቤቴ እየጋገርኩ እሸጣለሁ)

እህቴ፣ አይዞሽ፣ ማርሽም ዱቄትሽም ጥፋት የለባቸውም። ልኩ ነው የበዛው። አንድ ኩባያ ስኳር 200 ግራም ገደማ ነው። አንድ ኩባያ ማር ግን ወደ 340 ግራም ይመዝናል። ማር ውስጥ ደግሞ ውሃ አለ፤ ከክብደቱ 17 ወይም 18 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። እዚያ ላይ ወተት ሲጨመርበት ሊጡ መጣበቁ አይቀርም።

ለአንድ ኩባያ ስኳር ግማሽ ኩባያ ማር ይበቃል። ማር ከስኳር የበለጠ ስለሚጣፍጥ ጎደለ አይባልም። ወተቱን ተዪው።

የመጥቆሩ ነገር ከሙቀቱ ነው። የማር ስኳር ከተራው ስኳር ቀድሞ ይቀላል። ስለዚህ ውስጡ ሳይደርስ ውጪው ይቀድማል። ሙቀቱን ወደ 160 አውርጂው። ትንሽ ኦቨን ከሆነ ደግሞ የላይኛው ብረት ለኩኪሱ ቅርብ ስለሆነ ትሪውን ከመሃል ዝቅ አድርገሽ አስገቢ። ኩኪሱን ሁሉንም እኩል ቀጭን አድርጊ፤ የትንሽ ጣትሽ ውፍረት ይበቃል።

እኔ የምሠራበት ልክ ይህ ነው። 150 ግራም ጤፍ፣ 100 ግራም ስንዴ፣ 100 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 120 ግራም ማር፣ አንድ እንቁላል፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ቁንጥር ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ። ሚዛን ከሌለሽ ዱቄቱ በድምሩ ሁለት ኩባያ አካባቢ ነው፣ ማሩ አንድ ሦስተኛ ኩባያ። ሶዳው ለማሩ ነው። ማር ትንሽ አሲድነት ስላለው ሶዳው ከእሱ ጋር ሆኖ ያነሳዋል። እንዳታበዢው ግን። ሲበዛ መጥቆሩን ያፋጥነዋል፣ ጣዕሙም ሳሙና ሳሙና ይላል።

የገበታ ቅቤ ሲወደድብኝ የገበያውን ለጋ ቅቤ ያለ ቅመም አንጥሬ እጠቀማለሁ። ሲነጠር ውሃው ስለሚሄድ 80 ግራም ይበቃል። ማባያውን ቅቤ ግን አትሞክሪ፤ ነጭ ሽንኩርቱና ቅመሙ ኩኪሱን ወጥ ወጥ ያሰኘዋል።

ቅቤውንና ማሩን በደንብ ምቺ፣ እንቁላሉን ጨምሪ፣ ከዚያ ዱቄቱን። ሊጡን ሸፍነሽ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ቦታ አሳርፊው። የማርቆስ ብርድ ካለ ፍሪጅ አያስፈልግሽም። ሲያርፍ ዱቄቱ እርጥበቱን ይጠጣል፣ መጣበቁም ይቀንሳል። እጅሽን ዘይት ቀብተሽ 24 ትንንሽ አድርጊና ጥፍጥፊ። ከ12 እስከ 14 ደቂቃ። ሲወጣ ለስላሳ ይመስላል፣ አትመልሺው፤ ትሪው ላይ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም (ንብ አናቢ)

ስለ ማሩ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ለመጋገሪያ በጣም ውዱን ማር አታውጪ። ሙቀት መዓዛውን ይወስደዋል። ያንን ለልጆቹ ዳቦ ላይ ቀቢላቸው፣ ለኩኪስ ተራው የተጣራ ማር ይበቃል።

ዋናው መብሰሉ ነው። ንቧ የማር እንጀራውን አፍ በሰም ሳትደፍን የተቆረጠ ማር ቀጭን ነው፣ ውሃው ብዙ ነው። ቶሎም ይቦካል። እንዲህ ያለ ማር ሊጡን ያቀጥነዋል፤ የተጻፈውን ልክ ብትከተዪም አይስተካከልልሽም። በማንኪያ አንስተሽ ስታፈሽው እንደ ውሃ የሚወርድ ከሆነ ተጠርጣሪ ነው።

ብዙ ሰው ማር ሲረጋ «ስኳር ተጨምሮበታል» ይላል። አይደለም። ከክረምት በኋላ ኑግና አደይ አብቦ የሚቆረጠው ማራችን ቶሎ ይረጋል፣ ተፈጥሮው ነው። ለመጋገር የረጋውን ማር ከነዕቃው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እሳት ላይ አትጣጂው። በክብሪት መለኮስ፣ ውሃ ላይ መጣል የሚባለው መፈተኛም እርግጠኛ አያደርግም። ከምታውቂው ሰው መግዛት ይሻላል።

መልስ፣ ከቢቸና

ቡሬ ያለችው እህታችን ልክ ብላለች፤ በጤፉ ላይ ግን እኔ እጨምራለሁ። ስንዴውን ጨርሶ መተው ይቻላል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ዳቦ ለማንሳት ያስቸግራል እንጂ ለኩኪስ ችግር አይሆንም። ሙሉ ጤፍ ሲሆን ግን ሊጡን አንድ ሰዓት አሳርፉት፣ አለበለዚያ አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይላል። ይፈረፈራል ካላችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ጨምሩበት።

ከሁሉ የምወደው ዘዴ ግን ይህ ነው፤ ዱቄቱን መጀመሪያ በምጣድ ላይ በለሰለሰ እሳት ማመስ። ሽታው ሲያውድ አውርዶ ማቀዝቀዝ። የታመሰ ዱቄት መዓዛ ስላለው ትንሽ ማር እንኳ ያጣፍጠዋል። ወይም ከዱቄቱ ሲሶውን በሶ ማድረግ ነው፤ ገብሱ አስቀድሞ የተቆላ ስለሆነ ያው ነው። በሶ ግን እርጥበት ይጠጣል፣ ሊጡ ከደረቀ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት። ኮረሪማ ከቀረፋው ጋር ሲገባ ደግሞ ልጆቹ ማሩ መቀነሱን አያውቁም። ለጤናማ ኩኪስ እኔ የምለው ይህንን ነው፤ ስኳርን በማር መተካት ብቻ ሳይሆን ምላሳችንን ከመጣፈጥ ትንሽ መለስ ማድረግ። ልጆች ቶሎ ይለምዳሉ፣ ከእኛ ይልቅ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ስለ ሕፃኑ ፈጽሞ አላውቅም ነበር፤ ማሩን ከእሱ አርቄያለሁ። ነገ በቡሬዋ ልክ እሞክራለሁ። ቴምርና ሙዝስ የሞከረ አለ? ለጾም ቀንም የሚሆን ፈልጌ ነው። መብራት ሲጠፋስ ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፣ ከሞጣ

ለጾሙ ቴምር ነው። 150 ግራም ቴምር ፍሬውን አውጪና በግማሽ ኩባያ የፈላ ውሃ ዘፍዝፊው። ሲለሰልስ ከነውሃው ፍጪው ወይም በሹካ ደፍጥጪው። አንድ ሦስተኛ ኩባያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ (ይህ በእንቁላሉ ፋንታ ነው)፣ ጨው፣ ቀረፋ፣ ከዚያ ሁለት ኩባያ ያህል የአጃ ዱቄት። እኛ ጋ በደጋው እንግዶ የሚባለው አጃ አለ፣ እሱን አስፈጭቼ ነው የምሠራው። የሱቁም አጃ ይሆናል። ሰሊጥ ከላይ ነስንሽበት።

ቴምር ከማር የሚሻለው ቴምሩ ራሱ ከነቃጫው ስለሚገባ ነው። ስኳር የለውም ማለት ግን አይደለም፣ ብዙ አለው። ስለዚህ ለአማትሽ ያው አንዷ ናት።

አንድ ነገር ልብ በዪ፤ የቴምርም የሙዝም ሊጥ ኦቨን ውስጥ ራሱ አይዘረጋም። ኩኪስን በዋናነት የሚያዘረጋው በሙቀት የሚቀልጠው ተራ ስኳርና ቅቤ ነው፣ እነሱ ስለሌሉ እንዳስገባሽው ይወጣል። አስቀድመሽ በሹካ ጀርባ ተጫኚው። የሙዙ ደግሞ በጣም ቀላል ነው። ልጣጩ የጠቆረ ሁለት ሙዝ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ አንድ ተኩል ኩባያ አጃ፤ ማርም ስኳርም አይጨመርበትም። ቀጭ አይልም፣ ለስላሳ ነው፣ ግን ልጆች ይወዱታል። እርጥበት ስላለው በሁለት ቀን ውስጥ ይበላ፣ ከዚያ በኋላ ይሻግታል።

መብራት ሲጠፋ እንደ ድፎው ነው። ወፍራም ብረት ድስት ታች ላይ ትንሽ አሸዋ፣ በላዩ ማስቀመጫ፣ ከዚያ ትንሽ ትሪ። ክደኚና አስቀድመሽ አሙቂው። ከታች ረመጥ፣ ክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም። ፍሙን አታብዢ፤ የማር ኩኪስ ከላይ ቶሎ ይይዛል።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ

ያገሬ ልጅ፣ ከሌላ አገር አሠራር እየወሰድሽ ከሆነ ይሄንንም አስቢ። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደር እዚህ ከሚገባው በላይ ይነፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወድቃል። የተጻፈውን ሩብ ያህል ቀንሺ። ባሕር ዳር ያሉት ወደ 1,800 ሜትር ስለሆኑ ያን ያህል አይቸገሩም።

ጠያቂዋ

ሞከርኩት! በ160 ጋገርኩት፣ አልጠቆረም፣ ውስጡም በስሏል። ኮረሪማም ጨመርኩበት። አማቴ አንድ በልተው ከሁለት ሰዓት በኋላ ተለኩ፤ ቁጥሩን ጽፌ ለሐኪማቸው ይዤ እሄዳለሁ። የቀረኝ አንድ ነው፤ በማግስቱ መለስለሱ።

መልስ፣ ከቡሬ

እሰይ! መለስለሱ የማር ጠባይ ነው፤ ማር ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ብቻ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ አስገቢው። ሙቁን ከዘጋሽበት በራሱ እንፋሎት ይርሳል። ከዳቦ ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ አታድርጊው። ከለሰለሰ ደግሞ 120 ላይ ለስምንት ደቂቃ መልሰሽ አድርቂው።

ልጆቹ የግድ ቀጭ የሚል ከፈለጉ ግን ማሩን ወደ 80 ግራም አውርጂና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጨምሪ። አጠቃላይ ጣፋጩ ከበፊቱ አይበልጥም፣ ቀጭ ማለቱ ግን ይመለሳል። ለትምህርት ቤት ዕቃቸው እኔ ሁለት ሁለት ነው የምይዝላቸው፣ ከቆሎ ጋር።