ፋየርፕሌስ የሌለው ሳሎን፦ ለ55 ኢንች ቲቪ ምን ዓይነት ማስቀመጫ ልግዛ?

ጠያቂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ ቤት ገብተን ሳሎኑን እያዘጋጀን ነው። ክፍሉ ጥሩ ብርሃን አለው፤ ግን ግድግዳው ባዶ ነው። ፋየርፕሌስ የለም፤ አብሮ የተሠራ መደርደሪያም የለም። ኢንተርኔት ላይ የማያቸው ፎቶዎች በሙሉ መሀል ላይ እሳት ማንደጃ አላቸው፤ ሶፋው ወደ እሱ ዞሮ፣ ቲቪው ከላዩ ተሰቅሎ። የእኛ ሳሎን ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለውም።

ቲቪው 55 ኢንች ነው። ግድግዳው 3 ሜትር ከ60 ይሆናል። ከሶፋው እስከ ግድግዳው 2 ሜትር ከ60 ነው። መስኮቱ ከሶፋው በስተግራ ነው። ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ፤ ያገኘችው ነገር ላይ ሁሉ ትወጣለች።

ሁለት ነገር አይተናል። አንዱ 1 ሜትር ከ20 ስፋት ያለው፣ ቀጭን እግር ያለው ማስቀመጫ ነው። ሌላው ትልቅ ሆኖ መሀሉ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ እሳት መሰል ነገር አለው። ባለቤቴ ሁለተኛውን ወዶታል። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የእንጨት ሰው

እህቴ፣ እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃሽ። ሥራዬ አናጺነት ነው፤ ዕድሜዬን በዚሁ ነው የጨረስኩት። መጀመሪያ ፋየርፕሌስ የለኝም ብለሽ አትዘኚ። እሳት ማንደጃ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ቲቪውን ከሱ በላይ ይሰቅላል። ስክሪኑ ከዓይን በላይ ይሆንና አንገት ቀና ብሎ ይውላል። ሙቀቱም ወደ ላይ ስለሚወጣ ለቲቪው ደግ አይደለም። አንቺ ቁመቱን በራስሽ ዓይን ልክ መወሰን ትችያለሽ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሶፋው ላይ እንደ ልማድሽ ተደገፊና ከወለሉ እስከ ዓይንሽ ያለውን ሰው ይለካልሽ። 1 ሜትር ከ5 ሆነ እንበል። የ55 ኢንች ስክሪን ቁመቱ 68 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹ 34። የቲቪው እግር 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደርገዋል እንበል። ከ105 ላይ ሁለቱን ስትቀንሺ 64 ይቀርሻል። የማስቀመጫው ቁመት ከዚያ ባይበልጥ ጥሩ ነው። 50 ሳንቲ ሜትር ብታገኚም አትፍሪ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ማየት አያደክምም፤ የሚያደክመው ወደ ላይ ማየት ነው።

ወደ ስፋቱ ልምጣ። 55 ኢንች የሚባለው ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ሲለካ ነው። አግድሙ 1 ሜትር ከ22 ነው። ስለዚህ ያየሽው 1 ሜትር ከ20 ማስቀመጫ ከቲቪው ያንሳል ማለት ነው። ብዙ ቲቪዎች ደግሞ እግራቸው ሁለት ሆኖ ወደ ጫፍና ጫፍ የተራራቀ ነው። ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ ቤት ውስጥ ልጅ እያለች፣ እኔ አላስቀምጠውም። ለ3 ሜትር ከ60 ግድግዳ ከ1 ሜትር ከ80 እስከ 2 ሜትር ያለውን ፈልጊ። ቲቪው በግራም በቀኝም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተርፈዋል። ዓይን የሚያርፍበት ያልሽውም የሚገኘው ከዚህ ነው። ረዘም ብሎ ዝቅ ያለ ዕቃ ግድግዳውን ይሞላዋል፤ ቲቪው ብቻውን የተንጠለጠለ አይመስልም። ነገ ወደ 65 ኢንች ብትቀይሪ አግድሙ 1 ሜትር ከ44 ነው፤ ያም ይበቃዋል።

የኤሌክትሪክ እሳቱን በተመለከተ ከአንቺ ጋር ነኝ። ዕቃ የሚቀመጥበትን መሀል ቦታ ይወስድብሻል። ማሞቂያም ካለው እስከ 1500 ዋት የሚወስድ አለ፤ ከቲቪና ከዲኮደር ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት የለበትም። ክፍሉ ሙቀት ካልጎደለው ትርፉ አይታየኝም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ሰው ማስቀመጫ ሲገዛ ፊቱን ያያል። አንቺ አዙረሽ ጀርባውን እዪ። ጀርባው በስስ ካርቶን መሰል ነገር ተሸፍኖ በትናንሽ ሚስማር ብቻ ከተያዘ፣ ጫፉን ይዘሽ ወደ ጎን ገፋ አድርጊው። የሚወዛወዝ ከሆነ ተይው። ቀጥሎ የላይኛውን ጣውላ እዪ። ከሥሩ የሚደግፈው ቋሚ ሳይኖር 1 ሜትር ከ80 የሄደ ቺፑድ (የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ከጊዜ በኋላ መሀሉ ይጎብጣል። ድጋፍ የሌለው ርዝመት እጥፍ ሲሆን፣ መሀሉ ላይ ለተቀመጠው ያው ክብደት መጉበጡ ስምንት እጥፍ ነው። በ18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ በየ60 እና 70 ሳንቲ ሜትሩ ቋሚ ያለበትን ውሰጂ። ኮምፐርሳቶ፣ ማለትም ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀበት ጣውላ፣ ከሆነ ብሎኑን አጥብቆ ይይዛል፤ ዋጋው ጨመር ቢልም እኔ እሱን ነው የምወደው። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ውሃ ሲነካቸው ያብጣሉ። ወለል በውሃ የሚወለወል ከሆነ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እግር ይኑረው። መጥረጊያም ይገባበታል።

ቴክኒሻን

አናጺው ያሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። መስኮቱ ከጎን መሆኑ ጥሩ ነው። ቲቪው ከመስኮት ፊት ለፊት ቢሆን ስክሪኑ ላይ መስኮቱን ነበር የምታዪው። ከሰዓት ብርሃኑ ከበረታ መጋረጃ ይበቃል።

ማስቀመጫው ጀርባ ላይ ያለውን የገመድ ማውጫ ቀዳዳ በገመዱ ውፍረት አትለኪ፤ በሶኬቱ ራስ ለኪ። 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ጥልቀቱ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ገመዱ ከዕቃው ጀርባ ሳይታጠፍ መውጣት አለበት። ዲኮደርና ጌም የሚቀመጥበት ቦታ ጀርባው ክፍት ይሁን፤ ዙሪያውን 10 ሳንቲ ሜትር አየር ተዪለት። የእንጨት በር የሪሞት ጨረር አያሳልፍም። ስንጥቅ ያለው በር ወይም መስታወት ይሻላል። የዋይፋይ ራውተሩን ከቲቪው ጀርባ አትደብቂው፤ ሲግናሉ ይዳከማል።

ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ ግን ቲቪውን ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ ማስቀመጫው ለዕቃ ብቻ ይሁን። ልጅ ላለበት ቤት እኔ ይሄን ነው የምመርጠው። ማንጠልጠያ ስትገዢ የቲቪው ጀርባ ላይ ያሉትን አራት ቀዳዳዎች ርቀት ለኪ፤ 200 በ200 ወይም 400 በ400 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ሌላም አለ።

የሦስት ልጆች እናት

እህቴ፣ ልጅሽ ትወጣለች ስላልሽ ነው የጻፍኩት። መሳቢያ ለሕፃን ደረጃ ነው። ሁለት ሦስቱን ከከፈተችና ከረገጠች ዕቃው ወደ ፊት ይመጣል። መሳቢያ ከኖረው የልጆች መቆለፊያ አድርጊበት። ሪሞትና መጫወቻ በፍጹም ከቲቪው አጠገብ አታስቀምጪ፤ ልጅ የምትወጣው የምትፈልገው ነገር ከላይ ስላለ ነው። እኔ ሪሞቱን ከሶፋው ጎን ባለ ኪስ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ቲቪውንም ማስቀመጫውንም ለየብቻ በቀበቶ ከግድግዳ ጋር እሰሪያቸው። እባክሽ ይሄን ለነገ አትበዪው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ የእሳቱን ነገር ትቶታል። ከሶፋው ስንለካ ዓይኔ 1 ሜትር ከ2 ላይ ነው። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ቲቪውን መስቀል አንችልም። 1 ሜትር ከ80 ስፋት፣ 52 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ሁለት ቋሚ ከሥሩ ያለው አግኝተናል። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለቀበቶው አከራያችን ሁለት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ፈቅደውልናል። የት ላድርጋቸው?

የእንጨት ሰው

ጥሩ መርጠሻል። ሁለቱን ቀዳዳ ለማስቀመጫው አድርጊያቸው፤ አንዱን በግራ ጫፍ፣ አንዱን በቀኝ። ከላይኛው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሁን፤ ከዕቃው ጀርባ ስለሚደበቅ ስትለቁ ለመድፈንም አያስቸግርም። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ በፊሸር፣ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን በሚይዘው ፕላስቲክ፣ ይያዛል። ጂፕሰም ከሆነ ግን ተራ ፊሸር አይዝም፤ ከጀርባው ያለውን ቋሚ እንጨት ወይም ብረት ፈልጋችሁ እሱ ላይ ብሱት። ቲቪውን ደግሞ በቀበቶ ከማስቀመጫው ጋር እሰሪው። ቀበቶው የሚያዘው ቋሚው ወይም የላይኛው ጣውላ ላይ ነው፤ ስሱ ጀርባ ላይ ከሆነ ተነቅሎ ይመጣል። ብሎኑ የጣውላውን ውፍረት እንዳያልፍ ርዝመቱን አስቀድመሽ ለኪ። ካሰራችሁ በኋላ ቲቪውን ከላይኛው ጠርዝ ይዘሽ ቀስ ብለሽ ወደ ራስሽ ሳቢው። ቀበቶው ቶሎ መወጠር አለበት፤ ከላላ አሳጥሪው።